የወይዘሮ ራምስደን ማንኪያ

ወይዘሮ ራምስደንን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የቤታቸውን በር አንኳኩቼ አላውቅም። ስማቸው ሜቪስ መሆኑን የሰማሁት ትምህርት ቤቱን ከለቀቅሁ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ የሰማሁ ዕለት ደግሞ የሰው ደብዳቤ ከፍቼ ያነበብኩ ያህል አፈርኩ። ስለዚህ ስለ እሳቸው መጻፍ የነበረበት ሌላ ሰው ነው። ችግሩ፣ በደንብ የሚያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ይፈሯቸዋል።

ደግሞስ እንደ እሳቸው ያለ ሰው የማያውቅ ማን አለ? ባለቁልፍ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ዕቃው የእሱ አይደለም፣ ሲሰጥህ ግን ከጎኑ አጥንት ነቅሎ የሚሰጥህ ይመስላል። አንድ እስክሪብቶ ስትጠይቀው “ያለፈውስ የት ደረሰ?” ይልሃል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ በዓለም ላይ እስካሁን አንድ ሙሉ ደርዘን የሚባል ነገር እንደማይተርፍ አምናለሁ። የእኛ ትምህርት ቤት ባለቁልፍ፣ የመጻሕፍት ክፍል ጠቅላይ አዛዥ፣ የሠላሳ ቅጂዎች ሞግዚት፣ ክብርት ወይዘሮ ራምስደን ነበሩ።

ቁልፋቸው የሚከፍተው ከደረጃው ሥር ያለች፣ መስኮት የሌላት ክፍል ነው። በውስጧ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት፣ የአሥራ ሁለተኛና የአሥራ ሦስተኛ ክፍል የሥነ ጽሑፍ መጻሕፍት፣ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ሠላሳ ሆነው፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎባቸው ይደረደራሉ። መጽሐፍ ለመውሰድ የመጣ ተማሪ “እንደምን አደርክ” አይባልም። “እጅ” ይባላል። መዳፍህን ታሳያለህ፣ ቀጥሎ ታገላብጣለህ። ናይጄል ክሊቭ የሚባል የክፍላችን ልጅ አንድ ቀን ምሳውን በልቶ በቀጥታ ቢመጣ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እንዲመለስ ተደረገ። በሦስተኛው እጁን አሸተቱትና “አሁንም ዓሣ አለ” አሉት። ናይጄል ቺፕስ ብቻ እንደበላ በእናቱ ማለ።

“እንግዲያው ዓሣ የበላ ሰው አጠገብ ተቀምጠሃል” አሉና በሩን ዘጉበት።

ሁለተኛው ሕግ፦ መጽሐፉ ላይ መጻፍ ይቻላል፣ በእርሳስ ብቻ። የዚህ ምክንያቱ ፈተናው ነው። በፈተናው አዳራሽ መጽሐፍህ ከፊትህ ይቀመጥልሃል፤ ነገር ግን ኅዳጉ ላይ አንድ ቃል ከተገኘ ወረቀትህ ይሰረዛል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ በየገጹ ዳር ያጠራቀምነው ጥበብ በፋሲካ ሰሞን ከነመጽሐፉ ይሰበሰብና በግንቦት መጨረሻ ነጭ ሆኖ ይመለስልናል። በሌላ ትምህርት ቤት ተማሪው የራሱን ራሱ ያጠፋል ይባላል። በእኛም አንድ ዓመት ተሞክሮ ነበር። ወይዘሮ ራምስደን በላጲስ የተቀደደ አንድ ገጽ አገኙ፤ ከዚያ በኋላ የሞከረ የለም።

የሚያጠፉት በላጲስ አይደለም። “ላጲስ ወረቀት ይበላል” ይላሉ። በየሳምንቱ ዓርብ ገበያው ውስጥ ካለው ዳቦ ቤት አንድ የትናንት ነጭ ዳቦ ይገዛሉ፤ ለስላሳውን ውስጡን በጣታቸው ያድቦለብሉና ጽሑፉን በእሱ ያሻሉ። ፍርፋሪውን በብሩሽ ይጠርጋሉ። ግን ገና አላለቀም። ተጭኖ የጻፈ ተማሪ ወረቀቱን ስለሚሰረጉድ፣ ቀለሙ ቢጠፋም ስርጉዱ ይቀራል። ለዚህ ደግሞ የሻይ ማንኪያ አላቸው፤ ገጹን በጀርባዋ ይተኩሱታል፣ ወረቀቱ እንደ ሸክላ ሳህን እስኪለሰልስ። ያቺ ማንኪያ ስኳር አይታ አታውቅም። ወይዘሮ ራምስደን ሻይ በወተት እንጂ በስኳር አይጠጡም፤ ስኳር የሚያስፈልገው ሻይ መጀመሪያውኑም ሻይ አይደለም ባይ ናቸው።

ሠላሳ ቅጂ፣ ሦስት መቶ አርባ ገጽ፣ በየዓመቱ። “ንጹሕ ማለት ንጹሕ ነው” የሚል ቃል ከአፋቸው አይጠፋም ነበር። ከእኛ በፊት በነበረው ዓመት፣ ፈተናው ሊጀመር ሲል በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ የቁንጫ ዓይን የምታህል የእርሳስ ነጥብ አይተው መቶ ሃያ ተማሪ ሰባት ደቂቃ አስቁመዋል። ነጥቧ የማተሚያ ቤቱ ቀለም ሆና ተገኘች። ይቅርታ አልጠየቁም። ማተሚያ ቤቱን ወቀሱ።

እንግዲህ ማንም ያላሰበው ነገር ይህ ነው፤ የሚያጠፋ ሰው መጀመሪያ ማንበብ አለበት።

ወይዘሮ ራምስደን በአሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርት አቁመው ወደ ትምህርት ቤቱ እስኪመጡ ድረስ በከተማው ሱፍ ፋብሪካ ሻይ ሲያፈሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ፈተና የሚባል ተቀምጠው አያውቁም። ነገር ግን ስለ ጀልበኛው የሚናገረውን ያን ወፍራም ልብወለድ፣ ተማሪውን ሁሉ ያማረረውን፣ በየዓመቱ ሠላሳ ጊዜ ያነቡት ነበር፤ ያውም ከሠላሳ ሰው አስተያየት ጋር። ይህን ያህል ያነበበ ምሁር በለንደንም የሚገኝ አይመስለኝም። ደግሞ አንብበው ዝም አይሉም። መልስ ይሰጣሉ። ኮሪደር ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ፣ የምሳ ሰልፍ ላይ ያገኙህና ሰላምታ ሳይሰጡ “ገጽ ስልሳ። አልስማማም” ይሉሃል።

ገጽ ስልሳ የጃኔት ኦልድሮይድ ነበር። ጃኔት ጀልበኛው ፈሪ ነው ብላ ጽፋ፣ ሦስት ጊዜ አስምራበታለች። ወይዘሮ ራምስደን ፓይ የያዘ ሳህን በእጇ እንዳለ አገኟት።

“ፈሪ ሰው ጉም ውስጥ አይቀዝፍም። ሄደሽ እንደገና አንብቢው።”

“እሺ ሚስ።”

“አሁን አይደለም። መጀመሪያ ፓይሽን ብዪ። ከዚያ እጅሽን ታጠቢ።”

ጃኔት ዛሬ ሊድስ ውስጥ ስመ ጥር ጠበቃ ናት። ፍርድ ቤት ቆማ አንድ ነገር ልትናገር ስትል “ገጽ ስልሳ” የሚል ድምፅ ከጆሮዋ ሥር እንደሚሰማት፣ ያን ጊዜም ሰነዱን እንደገና ገልጣ እንደምታይ ነግራኛለች። የማሸንፈው በዚያ ነው ትላለች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ፒከርስጊልም አላመለጡም። እሳቸው ራሳቸው ልጅ ሳሉ እዚያው የተማሩ ናቸው፤ ተሹመው እንደመጡ የመጻሕፍቱን ክፍል የፎቶ ኮፒ ክፍል ሊያደርጉት አሰቡ። ሜትር ይዘው ገቡ። ወይዘሮ ራምስደን ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ተማሪ ሳሉ መጽሐፋቸው ላይ ምን እንደጻፉ ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቋቸው። አላስታውስም አሉ። “ገጽ አሥራ አንድ ላይ ‘አሰልቺ’ ብለው ጽፈዋል” አሏቸው። “የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ‘ወይኔ’ ይላል። እሱን ሳጠፋው አሳዝኖኛል።” ርዕሰ መምህሩ ሜትራቸውን ጠቅልለው ወጡ። ስለ ፎቶ ኮፒ ዳግመኛ የተነሳ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ እየሳቅሁ እጽፋለሁ፤ ያኔ ግን ሳቅ አልነበረኝም። የእኔ መጽሐፍ ቁጥር አሥራ ሰባት ነበር።

በሁለቱ ዓመታት ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። መምህራችን አቶ አክሮይድ ድምፃቸው ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ፣ ወንዙንና ጉሙን ሲያስተምሩ ጫማህ ውኃ የገባበት የሚመስልህ ሰው ነበሩ። ጎበዝ ነበሩ፣ አልዋሽም። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ በሁለት ቃል አለቀ። ጀልበኛው ጠፍቷል፤ ሚስቱ በየማታው ሳህኑን በቦታው ታስቀምጣለች፣ አራት ክረምት። አቶ አክሮይድ መጽሐፉን ከፍ አድርገው “ደካማ ናት። ጻፉ” አሉ። ሃያ ስምንት እርሳስ “ደካማ” ብሎ ጻፈ። የእኔም።

ቤት ስገባ ግን ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ያሉት አራት የኩባያ መንጠቆዎች ታዩኝ። በአራተኛው ላይ የአባቴ ኩባያ ተሰቅሏል። አባቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ለሥራ ሄዶ አልተመለሰም። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ “ባሕር ዳርቻ ነው፣ ሥራ ላይ” ትላለች፤ ከተማው ደግሞ ጨዋ ስለሆነ ያመነ መስሎ ያልፋል። ኩባያውን በየእሁዱ ታጥበዋለች። ማንም ያልጠጣበትን።

“ደካማ” የሚለውን አጠፋሁና በሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “እየጠበቀችው አይደለም። ሳህኑን ብታነሳው ልጆቹ ባዶውን ቦታ ያዩታል።” ከዚያ ከዚህም ባነሰ ፊደል፦ “እማዬ የምታጥበው ኩባያም እንዲሁ ነው።” እርሳሱን በጣም ተጭኜው ነበር። ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ነገር ስለጻፍኩ ይሆናል።

መጽሐፉ በፋሲካ እንደሚሰበሰብ አውቅ ነበር። ወይዘሮ ራምስደን እንደሚያነቡም አውቅ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ያሰብኳቸው ግን መጽሐፉን ይዤ ሰልፍ ላይ ስቆም ነው። ላጠፋው ብል ከፊቴ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የወይዘሮ ራምስደን ዓይንም እኔ ላይ ነው። “አሥራ ሰባት” ብለው ተቀበሉኝና መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

አንድ ያልነገርኳችሁ አለ። የትናንቱን ዳቦ በየዓርቡ የሚገዙት ከእናቴ ነው። ገበያው ውስጥ ያለው ዳቦ ቤት ሻጭ እናቴ ነበረች።

ከፋሲካ እስከ ግንቦት መጨረሻ “ገጽ መቶ አሥራ ሁለት” የሚለውን ስጠብቅ ኖርኩ። አንድ ቃል ለእናቴ ቢያመልጣቸው፣ ስምንት ዓመት ተጠብቆ የኖረ ነገር በእኔ እርሳስ እንደተዘረገፈ ታውቃለች። ለናይጄል መልሱ ደረሰው፤ ገጽ አርባ። ለጃኔት ሁለት ጊዜ ደረሳት። ዘጠኝ ቃል ብቻ የጻፈው ሰነፍ እንኳ አንዱ ቃል እውነት እንደሆነ ተነገረው። ለእኔ ምንም። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ጫማዬን አይተው ያልፋሉ። በየዓርቡ እናቴ ከሥራ ስትመለስ፣ እንደ ዘበት አስመስዬ ወይዘሮ ራምስደን መጥተው እንደሆነ እጠይቃታለሁ።

“መጣች።”

“ምን አሉ?”

“የትናንት ዳቦ አለ ወይ አለች። ምን እንድትል ነው የምትፈልገው?”

የፈተናው ቀን መጽሐፎቹን በስፖርት አዳራሹ የሚያድሉት እሳቸው ነበሩ። እያንዳንዱን በፈታኙ ፊት ይዘቅዝቃሉ፣ ያራግፋሉ፣ ገጾቹን በአውራ ጣታቸው ያገላብጣሉ፣ ከዚያ ያስቀምጣሉ። የእኔንም እንደ ሌላው አራግፈው አስቀመጡ። ፊቴን አላዩም። የጥያቄው ወረቀት ተገለጠ። “የጀልበኛው ሚስት ድክመት ለቤተሰቡ ውድቀት ዋነኛው ምክንያት ነው። ይህን አስተያየት መርምር” ይላል።

ሃያ ደቂቃ ባዶ ወረቀት እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚያ የአቶ አክሮይድን መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት መስመር ሄድኩ፤ ሚስቲቱ ደካማ ናት፣ ምክንያቱም። ምክንያቱን ለመጥቀስ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ገለጥኩ። ነጭ ነበር። ፈታኙ አንስቶ በብርሃን ቢያየው አንዲት ጥቁር ነጥብ አያገኝበትም። ጣቴን መስመሩን ለመከተል ኅዳጉ ላይ ሳሳርፍ ግን ስርጉዱ ተሰማኝ።

ሁሉም እዚያው ነበር። ሳህኑም፣ ልጆቹም፣ ታችኛው ደቃቅ መስመርም። ገጽ መቶ አሥራ አንድን ዳሰስኩ፤ ልስልስ። መቶ አሥራ ሦስትን፤ ልስልስ። አንድ ሙሉ ኅዳግ የማይረባ ነገር ተጭኜ የጻፍኩበትን ሰማንያ አራትን ዳሰስኩ፤ እንደ ሳህን። በመጽሐፉ ውስጥ ማንኪያዋ ያልነካችው ያንን ቦታ ብቻ ነበር።

የጻፍኩትን ረስቼው አልነበረም፤ ላነበውም አላስፈለገኝም። ሁለቱን መስመሮች ሰረዝኩና አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ቀና ሳልል ጻፍኩ። ስለ ሳህኑ ጻፍኩ። ስለ ኩባያው አንድም ቃል አልጻፍኩም። ነሐሴ ላይ የውጤቱ ፖስታ ሲመጣ በሥነ ጽሑፍ ‘ቢ’ ይላል፤ በጂኦግራፊ ምን እንደሚል እዚህ አላነሳውም። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚያወጣው ቢሮ ገባሁ፣ እስካሁንም እዚያው ነኝ፣ ማታ ማታም እንዲህ ያለ ነገር ለከተማችን ጋዜጣ እጽፋለሁ። ጥሩ እንደምጽፍ እርግጠኛ አይደለሁም። ሲነበብ ማየት አልወድም። ግን ልጽፍ ስቀመጥ ጣቴን ባዶው ወረቀት ዳር ላይ የማሳለፍ ልማድ አለኝ።

ባለፈው ወር እናቴ ወደ አነስተኛ ቤት ስትዛወር ሁለት ካርቶን መጻሕፍት ይዤ የተለገሰ ዕቃ ወደሚሸጠው፣ ከገበያው በላይ ወዳለው የበጎ አድራጎት ሱቅ ሄድኩ። መጻሕፍት ከኋላ ነው የምንቀበለው አሉኝ። ኋላ ክፍል ስገባ አንዲት የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ሰው የለገሰውን የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ በዳቦ እያሹ ተቀምጠዋል። ቀና ሳይሉ “እጅ” አሉኝ።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ካርቶኑን አስቀመጥኩና መዳፌን አሳየሁ፣ አገላበጥኩም።

ያን ጊዜ ቀና አሉ። ስሜን የሚጠሩ መስሎኝ ነበር። “አሥራ ሰባት” አሉ።

ሻይ ቀዱልኝ፣ ለራሳቸውም ቀዱ። እናቴ እንዴት እንደሆነች ጠየቁኝ። ዕቃ ስታሸግ ኩባያዋን ሁሉ በጋዜጣ ጠቅልላ ወሰደች አልኳቸው፤ አራቱንም። “አራቱንም” አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ለጋዜጣ ስለ ባለቁልፎች አንድ ነገር ልጽፍ እንዳሰብኩ ነገርኳቸው፤ ጊዜዬን እንዳላባክን መከሩኝ። ከዚያ፣ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ልጠይቅ ይገባኝ የነበረውን፣ በዚህ ዕድሜዬ ጠየቅሁ።

“ሚስ፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ማንኪያዋ ረስታው ነው ወይስ እርስዎ ትተውት?”

ወይዘሮ ራምስደን ማንኪያቸውን ከምግብ አዘገጃጀቱ መጽሐፍ ላይ አነሱ። ሻያቸው ውስጥ አስገቡና ቀስ ብለው፣ ረዘም ላለ ጊዜ አማሰሉ። ስኳር የሌለውን ሻይ።

“እሱን አልመልስልህም፣ የኔ ልጅ” አሉ።